የተዘጋን የመኪና እሽቅድምድም ጎዳና ታሪክ እንዴት ማጥናት ይቻላል? የሬምስ ምሳሌ

በፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ፣ ከሬምስ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፣ በእርሻ ማሳ መካከል በሚያልፍ ተራ የገጠር መንገድ ግራና ቀኝ የኮንክሪት የተመልካች መቀመጫዎችና የውድድር መኪኖች ይጠገኑባቸው የነበሩ ክፍሎች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1926 እስከ 1972 ውድድር የተካሄደበት የሬምስ ጎዳና ይህ ነው። ታሪኩን ለማጥናት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአሸናፊዎችን ስም ዝርዝር ከመሰብሰብ ይጀምራል፤ እኔ ግን ከመንገዱ እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ውድድሩ የሚደረገው ለዕለቱ በሚዘጋ የሕዝብ መንገድ ላይ ስለነበረና የመንገዱም ቅርጽ በየጊዜው ስለተለወጠ፣ ቅርጹን ሳያውቁ ውጤቱን መረዳት አይቻልም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የአካባቢውን ካርታ ይዘርጉና ሦስት ማዕዘን ይሣሉ። መኪኖቹ ከተመልካች መቀመጫዎቹ ፊት ተነሥተው ወደ ጌ መንደር ያመራሉ፤ በመንደሩ ውስጥ ወደ ቀኝ ታጥፈው ከሷሶን ወደ ሬምስ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ጋር ይገናኛሉ፤ በዚያ ረጅምና ቀጥ ያለ ጎዳና እስከ ቲልዋ መንደር ይበርራሉ፤ ቲልዋ ላይ ፍጥነታቸውን እጅግ ቀንሰው በጠባቡ መታጠፊያ ወደ ቀኝ በመዞር ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። የዚህ ቅርጽ ርዝመት 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1952 የጌ መንደርን ቤቶች ወደ ጎን ትቶ የሚያልፍ ሰፊ ኩርባ ተሠራ፤ በ1953 ደግሞ ጎዳናው ወደ ምዕራብ ተራዝሞ ምዊዞን በተባለው ስፍራ አዲስ ጠባብ መታጠፊያ ሲያገኝ፣ አንዱ ዙር 8.3 ኪሎ ሜትር ደረሰ። እነዚህን ቅርጾች በተለያየ ቀለም ሥለው ዓመታቸውን ከጎናቸው ይጻፉ። የ1951ን የዙር ሰዓት ከ1953 ጋር የሚያወዳድር ጽሑፍ ካጋጠመዎ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ መንገዶችን እንዳምታታ ወዲያውኑ ይገባዎታል።

ከዚያ የውድድሮቹን ስም ይለዩ። ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ሊሰጡት ይገባል። በ1949 ሉዊ ሺሮን ሬምስ ላይ ያሸነፈበት ውድድር «ግራንድ ፕሪ ደ ፍራንስ» (ግራንድ ፕሪ ማለት «ታላቅ ሽልማት»፣ የትልልቅ የመኪና ውድድሮች መጠሪያ ነው) ሲባል፣ የፈረንሳይ አውቶሞቢል ክለብ የራሱን ግራንድ ፕሪ በዚያው ዓመት በደቡብ ፈረንሳይ አካሂዶ ሻርል ፖዚ አሸንፏል። በ1952 ሬምስ ላይ ያሸነፈው ዣን ቤራ ቢሆንም ውድድሩ ለዓለም ሻምፒዮና የሚቆጠር አልነበረም፤ የሻምፒዮናው የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ በዚያ ዓመት የተደረገው ሩዋን ላይ ነው። በ1957ም እንዲሁ ሆኗል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ዓመት ቦታውን፣ የውድድሩን ሙሉ ስምና ለሻምፒዮና መቆጠር አለመቆጠሩን ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ውድድር መርጠው በካርታዎ ላይ ያስኪዱት። እኔ የ1953ቱን የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ እመርጣለሁ። ውድድሩ 60 ዙር፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ከተነዳ በኋላ ማይክ ሆውቶርን ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮን በ1 ሰከንድ ቀደመው፤ ሦስተኛው ፍሮይላን ጎንዛሌዝም ከፋንጂዮ የራቀው ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ካርታውን ላልተመለከተ ሰው ይህ ተአምር ይመስላል። ካርታውን የያዘ ግን ምክንያቱን ያያል፦ ከምዊዞን እስከ ቲልዋ ያለው ጎዳና ረጅምና ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ከኋላ የሚከተለው መኪና የፊተኛው ነፋሱን ስለሚሰነጥቅለት በቀላሉ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ማንም ከቡድኑ ተነጥሎ መራቅ አይችልም፤ አሸናፊው የሚለየውም ከቲልዋ መታጠፊያ ሲወጡ ከሌሎቹ ቀድሞ ፍጥነት በማንሣት ነው። በ1961 ጂያንካርሎ ባጌቲ በመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድሩ ዳን ገርኒን በ0.1 ሰከንድ ሲያሸንፍ ያው መንገድ ያንኑ ሥራ ሠርቷል።

ትንንሽ ዝርዝሮችንም አይለፉ፤ ትልቁን ነገር የሚመሰክሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። በ1966 ሎሬንዞ ባንዲኒ ውድድሩን እየመራ ሳለ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተበጠሰበት፤ ከመንገዱ ዳር ካለ የገለባ እስር ማሰሪያ ወስዶ ነዳጁን በእጁ እየሳበ ወደ ጥገናው ስፍራ ተመለሰ። ታሪኩ የአንድ ሰው ብልሃት ብቻ ሆኖ ይነገራል፤ ለተመራማሪ ግን ስለ መንገዱ የደኅንነት ሁኔታ ማስረጃ ነው። በዚያ ቀን ያሸነፈው ጃክ ብራብሃም በአማካይ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ፣ ከመንገዱ ለሚወጣ መኪና መከላከያ ተብሎ የተቀመጠው ገለባ ነበር።

ስለ ሞት ሲጽፉ ደግሞ ቦታውንና ሁኔታውን በጥንቃቄ ያስቀምጡ። ሉዊጂ ሙሶ በ1957 እዚሁ አሸንፎ ነበር፤ በዓመቱ በ1958 ሆውቶርንን እየተከተለ ሳለ ከተመልካቾቹ ፊት ካለፈ በኋላ ባለው ፈጣን የቀኝ ኩርባ ከመንገዱ ወጥቶ ሕይወቱ አለፈ። ያ ኩርባ በካርታዎ ላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

የዓለም ሻምፒዮናው የመኪና ውድድር ፎርሙላ ዋን ከ1966 በኋላ ወደ ሬምስ አልተመለሰም። የሞተር ብስክሌት ውድድር ግን እስከ 1972 ስለቀጠለ፣ የመዘጋቱን ዓመት ሲጽፉ የትኛው ውድድር መቆሙን ማለትዎ እንደሆነ ግልጽ ያድርጉ።

በመጨረሻ፣ ከተቻለ ወደ ቦታው ይሂዱ። መንገዱ ዛሬም መኪና የሚመላለስበት ስለሆነ ከዳር ሆነው ይመልከቱ። በግድግዳዎቹ ላይ የሚያዩዋቸው ደማቅ የማስታወቂያ ጽሑፎች በበጎ ፈቃደኞች እንደገና የተቀቡ ናቸውና እንደ ዘመኑ ማስረጃ ከመውሰድዎ በፊት ከቆዩ ፎቶግራፎች ጋር ያመሳክሩ። ከዚያ በጥገናው ክፍሎችና በተመልካች መቀመጫዎቹ መካከል ያለውን ስፋት በእርምጃ ይለኩና ቁጥሩን በካርታዎ ጥግ ላይ ይጻፉት።