ከባዶ ጣሳ የአልኮል ምድጃ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው እሳቱ ሳይጠፋ ነዳጅ መጨመርን ነው፤ ሌሎቹ ስህተቶች በአብዛኛው ምድጃውን ሲያበላሹ ይህኛው ሰው ያቃጥላል። የንጹሕ አልኮል ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ በቀን ብርሃን ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ውኃው አልፈላ ሲለው ጀማሪው እሳቱ የጠፋ ይመስለውና ጠርሙሱን አንሥቶ ያንቆረቁራል፤ ያን ጊዜ ነበልባሉ የሚወርደውን አልኮል ተከትሎ ወደ ጠርሙሱ ይገባል፣ በውስጡ ያለው ትነትም ተቀጣጥሎ እንደ ችቦ ከፊት ለፊት ባለው ሰው ላይ ይወረወራል። አንድ ወጣት በጠራራ ፀሐይ ይህንኑ ሊያደርግ ሲል ደርሼ እጁን ያዝሁት፤ ከምድጃው አፍ በላይ አየሩ ሲርገበገብ እስካሳየው ድረስ «ጠፍቷል እኮ» እያለ ይከራከረኝ ነበር። ስለዚህ አልቋል ብላችሁ ብታምኑ እንኳ በምድጃው ላይ ሰፋ ያለ ቆርቆሮ ድፉበት፣ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝም ታገሡ። ሲሞላም ከዋናው ጠርሙስ ሳይሆን በትንሽ ዕቃ ተለክቶ ይሁን፤ ግማሽ ሊትር ውኃ ለማፍላት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ኢታኖል (ለዚህ ምድጃ የሚመረጠው የአልኮል ዓይነት) በአብዛኛው ይበቃል።

ቤንዚን በዚህ ምድጃ ውስጥ በፍጹም አይገባም። 70 በመቶ የሆነው የቁስል ማጽጃ አልኮል ብዙ ውኃ ስላለበት በደንብ አይነድም፣ አይሶፕሮፒል የሚባለው የአልኮል ዓይነት ድስቱን በጥላሸት ይሸፍነዋል፣ ሜታኖል የሚባለው ደግሞ በትንፋሽም በቆዳም የሚገባ መርዝ ነው። ኢታኖሉ የበዛበትን መምረጥ ይሻላል።

ጣሳውን በመቀስ መሸርከት ጠርዙን ያጨራምተዋል። የካተሩን ምላጭ በመጽሐፍ ውስጥ አጣብቆ በሚፈለገው ቁመት ማስቀመጥ፣ ከዚያም ጣሳውን ምላጩን አስነክቶ በቀስታ ደጋግሞ ማዞር ይገባል፤ ጭረቱ ሲጠልቅ በአውራ ጣት ጫን ቢሉት ራሱ ይላቀቃል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አይረሳ።

ባለ ሁለት ግድግዳ ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች ትጋታቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በውስጠኛው ግድግዳ ግርጌ አልኮሉ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ወዳለው ክፍተት የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ቀዳዳዎች ስለሚዘነጉ፣ ትነቱ በዙሪያው የሚወጣባቸው የላይኞቹ ቀዳዳዎች አልቀጣጠል ሲሉ ምክንያቱ ይጠፋቸዋል። የላይኞቹንም ትልቅ ቀዳዳ ትልቅ እሳት ይሰጣል ብለው በምስማር ይበሱታል፤ ትነቱ ግፊት አግኝቶ እንዲወጣ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይበቃል። ሁሉንም በትክክል ሠርተው ሳለ እሳቱ በመካከል ብቻ ሲነድ አይተው «አልሠራም» ብለው የሚያፈርሱም አሉ። ኢታኖል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ፣ ትነቱ በዙሪያው እስኪወጣ ድረስ ምድጃው መጀመሪያ መሞቅ አለበት።

ድስቱን ክፍት አፍ ባለው ምድጃ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ነበልባሉን አየር ይነሣዋል፤ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግና የማይወዛወዝ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል። የንፋስ መከለያውም ከሥሩ አየር ማስገቢያ ይኑረው፤ ምድጃውን አፍኖ ከያዘው አልኮሉ ከመጠን በላይ ይግልና እሳቱ በድንገት ይንቦገቦጋል።

ዝናብ መጣ ተብሎ ምድጃውን ወደ ድንኳን ማስገባትም አይገባም። ጨርቁ በቀላሉ ከመቀጣጠሉ ሌላ፣ ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው በውስጥ ያለው ሰው መመረዙን ሳያውቅ ራሱን ሊስት ይችላል። ዝናቡ እስኪያባራ የማይበስል ምግብ መብላት ይቻላል።