በመስከረም ታቅደው በኅዳር የሚረሱ፦ ለጤናማና ለአረንጓዴ የቤተሰብ ኑሮ ስናቅድ የምንሠራቸው ስህተቶች

በየዓመቱ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ወደየቤቱ ስገባ የምሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው። ቄጤማው ገና ከወለሉ ሳይጠረግ ቤተሰቡ ለአዲሱ ዓመት ያወጣውን ዕቅድ ይነግረኛል፤ ዘይትና ጨው ይቀነሳል፣ ጓሮው ይለማል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፌስታል ወደ ቤት አይገባም፣ አባወራው በየማለዳው ይሮጣል። በኅዳር ስመለስ ከእነዚህ አንዱን እንኳ እንደቀጠለ የማገኝበት ቤት ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆኜ ቤት ለቤት በዞርኩባቸው ዓመታት ያየኋቸው ቤተሰቦች ሰነፎችም ግድየለሾችም አይደሉም። ዕቅዳቸው የወጣው ግን በሐሳባቸው ለሣሉት ሌላ ቤት ነው፤ በዚያ ቤት ውሃ በፈረቃ አይመጣም፣ ጾም የለም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የለም፣ ምግብ የምታበስለውም ሴት አትደክምም።

የወቅቱን ጠባይ ረስቶ ማቀድ

ብዙዎች መስከረም 1 ቀን ችግኝ መትከልን የዕቅዳቸው መጀመሪያ ያደርጉታል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ጊዜው ግን አልፏል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የክረምቱ ዝናብ በመስከረም ውስጥ ስለሚያበቃ፣ ችግኝ ሥር ሰዶ በጋውን መሻገር የሚችለው በሐምሌ፣ ቢዘገይ በነሐሴ ሲተከል ነው። በመስከረም የተተከለው ሥሩ ሳይጠልቅ ፀሐይ ይወጣበታል፤ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ካልተመደበለትም ይደርቃል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ችግኝ ያልተከለ ቤተሰብ በማገለግልበት ሠፈር ብዙም አይገኝም። ለመስከረም የሚስማማው ግብ እነዚያኑ በሐምሌ የተተከሉትን መኮትኮት፣ ዙሪያቸውን በደረቅ ሣር ማልበስና ተራ ወጥቶ ማጠጣት ነው። ጎመንና ቆስጣ ግን ዶፉ ካለፈ በኋላ ቢዘሩ ይስማማቸዋል፤ ውሃ ካገኙ በሁለት ወር ገደማ ቅጠላቸው ለድስት ይደርሳል።

ኪስም የራሱ ወቅት አለው። ለበዓሉ ዶሮና ቅቤ ተገዝቶ፣ ክፍያው፣ ደብተሩና ዩኒፎርሙ ተከትሎ፣ መስከረም 17 መስቀል ሲደርስ በብዙ ቤት ያለው ገንዘብ እስከ ደመወዝ የሚያደርስ አይሆንም። ገንዘብ የሚጠይቀውን ግብ ወደ ጥቅምትና ኅዳር አሻግራችሁ፣ በመስከረም ምንም የማያስወጣውን ጀምሩ። ባቄላና ሽምብራን ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ሻይ ላይ ከሚጨመረው ስኳር አንድ ማንኪያ መቀነስ፣ ገበያ ሲሄዱ ዘንቢል መያዝ ሳንቲም አያስወጡም። የተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ቶሎ ስለሚበስል ከሰሉንም ይቆጥባል።

ጾምን ያላገናዘበ የአመጋገብ ዕቅድ ደግሞ ለአንድ ወር እንኳ አይጸናም። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አሉ፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድም ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ዘንድሮ የት ላይ እንደሚውል አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በዓመት ውስጥ ብዙውን ቀን ለሚጾም ቤተሰብ «ሥጋ እንቀንሳለን» የሚለው ግብ የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው፤ በጾም ወራት የሚበዛው ዘይት፣ የተጠበሰ ነገርና ነጭ ዳቦ ነውና ዕቅዱ ወደዚያ መዞር አለበት። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። ሕፃናት እንዲጾሙ አይጠበቅም፤ ይሁን እንጂ የቤቱ ዕቃ የፍስክ ምግብ እንዳይነካው በሚል ስጋት ብቻ ለሁለት ወር እንቁላልና ወተት የማይቀምስ የአንድ ዓመት ሕፃን በየዓመቱ አገኛለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ለልጁ ብቻ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ነው። ይህን በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ያስገባች እናት ከብዙ ጥቃቅን ግቦች የሚበልጠውን አንድ ትልቅ ነገር አሳክታለች።

በሌላ ሰው ጉልበት ማቀድ

ይህን ስህተት በዝምታ ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉም ይልቅ ደጋግሜ ያየሁትም፣ ብዙ ሴቶችን ሲያደክም የተመለከትኩትም እሱን ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አባወራ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያዘጋጀውን የዓመት ዕቅድ ሳሎን አስቀምጦ አነበበልኝ። ዳቦ ከሱቅ አይገዛም፤ ከሙሉ ስንዴ እቤት ይጋገራል። ለሕፃኑ የሚጣል ዳይፐር ቀርቶ በጨርቅ ይተካል። በየቀኑ ሁለት ዓይነት አትክልት ማዕድ ላይ ይቀርባል። ቆሻሻ በሦስት ይለያል። አንዱም ግብ ስህተት አልነበረም። ባለቤቱ በማጀቱ በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ስትሸኘኝ በሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ይህ ሁሉ በየት ሰዓት ይሠራል? እኔ እኮ አሁንም የምተኛው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው» አለችኝ። በዚያ ቤት ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነበር፤ ጀሪካኖቹን ለመሙላት የምትነሳውም እሷ ነበረች። የጨርቅ ዳይፐር በየትኛው ውሃ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚታጠብ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

አረንጓዴ የሚባለው ኑሮ ብዙውን ጊዜ በገንዘብ የምንገዛውን ምቾት በጉልበት መተካት ነው። ጉልበቱ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ «ቤተሰባችን ወስኗል» ማለት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጨማሪ ሸክም መጫን ነው። ሸክሙ የተጫነባት ሴት አትቃወምም፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ትሞክርና ዝም ብላ ትተወዋለች። ከዚያም «እሷ እኮ ለውጥ አትወድም» ይባላል። ይህን አነጋገር በስንት ሳሎን እንደሰማሁት አልቆጠርኩም፤ ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑንም ፊት ለፊት እናገራለሁ።

የቤት ሠራተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባልና ሚስት ጨው ለመቀነስ ተስማምተው፣ ወጡን የምትሠራዋን ልጅ ግን ማንም አላማከራትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም አንድ ዝርግ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ነው። በብዙ ቤት ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ ማዕድ ላይ ሲቀርብም የጨው ዕቃ ይከተላል። ይህን ሦስት ጊዜ መደራረብ የምታውቀውና ልታስቀረው የምትችለው ማጀት ያለችው ልጅ ናት። በአክብሮት ተቀምጣ ስትማከር «እሜቴ፣ በርበሬው ላይ እኮ ገብቷል» ብላ ራሷ መፍትሔውን የተናገረችበትን ቤት አይቻለሁ።

ስለዚህ አሁን ከማንኛውም ቤተሰብ ጋር ስቀመጥ ከእያንዳንዱ ግብ ጎን ሦስት ነገር እንዲጻፍ እጠይቃለሁ፦ የሚሠራው ሰው ስም፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ለእሱ ሲባል የሚቀረው ሥራ። ከወረቀቱ ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ ደጋግሞ ከታየ ዕቅዱ ገና አልተጠናቀቀም።

የማይለካ ግብ ማውጣት

«ዘይት እንቀንሳለን» ማለት ግብ አይሆንም፤ ምኞት ነው። ሚዛን አያስፈልግም። አዲስ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሲከፈት ቀኑን በማርከር ጻፉበት፤ ሲያልቅ ቀኑን ቁጠሩ። በ25 ቀን ያልቅ የነበረው 30 ቀን ከቆየ ቤተሰቡ በእርግጥ ቀንሷል። ለከሰሉ ማዳበሪያም፣ ለስኳሩም እንዲሁ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በቀን ሦስት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ይወስዳል፤ 25 ግራም ገደማ እንዲበቃው ይመከራል። ወደ ሁለት ማንኪያ ሲወርድ 24 ግራም ይሆንለታል። ይህን ሒሳብ ልጆች በደስታ ይሠሩታል።

የከሰልን አደጋ በጭሱ ብቻ መመዘን

ይህ ከዕቅድ ያለፈ የሕይወት ጉዳይ ነው። ብርድ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ «ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» ተብሎ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የቀላው ከሰልም ያመነጨዋል። ለአዲሱ ዓመት አንድ ግብ ብቻ የምታወጡ ከሆነ፣ በር ተዘግቶ ከሰል በሚነድበት ክፍል ማንም አይተኛም የሚለውን አውጡ። ቡናም ሲፈላ መስኮት ይከፈት። እንጀራ በእንጨት ለሚጋግሩ ቤቶች «ምርጥ» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ ደግሞ ምጣዱን በየቀኑ ለጥቂት እንጀራ ከማሞቅ ለሦስት ለአራት ቀን የሚሆነውን በአንድ ጊዜ ቢጋግሩ ይቆጥባሉ።

ቆሻሻን መለየት ሳይለምዱ ብስባሽ መጀመር

በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ በግልጽ እናገራለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት የአትክልት ልጣጭ በክዳን ባልዲ አጠራቅማ ለጓሮዋ አፈር ማዳበሪያ የሚሆን ብስባሽ (ኮምፖስት) እንድታዘጋጅ መከርኳት። ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ከልጣጩ ጋር መቀላቀል እንዳለበት፣ አየር እንዲገባው በየጊዜው መገልበጥ እንደሚያስፈልገው አልነገርኳትም። በሦስተኛው ሳምንት ባልዲው ሸተተ፣ ትል አፈራ፤ ግቢውን የሚጋሩት ጎረቤቶች ተቆጡ፤ አከራዩም አስጠነቀቃት። ያቺ እናት ከዚያ በኋላ ስለ ጓሮም ስለ ብስባሽም መስማት አልፈለገችም፤ አልፈርድባትም።

ዛሬ የምመክረው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መለየትን ብቻ ነው። የሚበሰብሰው በአንድ ዕቃ፣ ሃይላንዱና ቆርቆሮው በሌላ ይቀመጥ፤ ሁለተኛውን ቁራሌው ይወስደዋል። ይህ ለምን እንደሚገባ ለሚጠይቀኝ ሰው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የደረሰውን አስታውሰዋለሁ። የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከየቤታችን የወጣው ሁሉ ሳይለይ የሚከመረው ሰዎች በሚኖሩበት አጠገብ ነበር። ፌስታልን በተመለከተ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዋጅ ስለጸደቀ፣ ዘንቢል መያዝ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

ሌሎችም በአጭሩ አሉ። መሥሪያውን አስቀድሞ መግዛት አይገባም፤ የስፖርት ጫማና የጁስ መፍጫ ገዝተው ልማዱን ያላገኙ ብዙዎች ናቸው። ልጆችን በክብደታቸው እየጠሩ ግብ ማውጣት ይጎዳቸዋል፤ ለእነሱ በቀን 60 ደቂቃ የሚሮጡበትና የሚጫወቱበት ጊዜ ማግኘት ይበቃል። ምግብ እንደተበላ ወዲያው ሻይ መጠጣት ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳያገኝ ስለሚከለክል፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ አንድ ሰዓት ትቆይ። አዮዲን ያለው ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ዐሥር ነገር በአንድ ቀን አይጀመርም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለዕቅዱ ቀጠሮ አለመስጠት

በመስከረም የተጻፈ ወረቀት እስከ ጳጉሜ ካልታየ ማንም አያስታውሰውም። ቀኖቹ በቤታችን አቆጣጠር ውስጥ ተዘጋጅተው አሉ፦ የመስቀል ማግስት፣ የነቢያት ጾም ዋዜማ፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ፣ የትምህርት መዝጊያ። በእነዚህ ቀናት ቤተሰቡ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ያልሆነውን ይሰርዝ፤ የተሰረዘ ግብ ያሳፍራል የሚል ሰው በዚህ ሥራ ልምድ የለውም። የማውቀው አንድ ቤተሰብ ባለፈው ኅዳር 14 ማታ እንዲህ አደረገ። አባትየው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ለመሮጥ ያወጣውን ግብ ለስድስት ቀን ብቻ ሞክሮት ነበርና ሰረዙት፤ በምትኩ ልጁን ትምህርት ቤት በእግሩ እንዲያደርስ ተስማሙ። መሄጃው 15 ደቂቃ፣ መመለሻው 15 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ሲደመር ለአዋቂ ሰው የሚመከረውን 150 ደቂቃ ይሞላል። በግንቦት ስጎበኛቸው ወረቀቱ ከማጀቱ ግድግዳ አልወረደም፤ ጠርዙ ዘይት ጠጥቶ ወርዝቷል፤ «ሩጫ» በሚለው ላይ መስመር ተሰምሮ፣ ከጎኑ በልጁ የእጅ ጽሑፍ «በእግር፣ ከአባባ ጋር» ይላል።