የመልክዓ ምድር ፎቶ አነሳስ፦ ከእንጦጦ እስከ ስሜን ተራሮች

የውጭ አገር መመሪያዎች «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉት የማለዳ ብርሃን እኛ አገር ሰዓት አይሞላም። በሰኔ ለንደን ላይ ፀሐይ በሰያፍ እያዘገመች ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን 50 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ግን ፀሐይዋ ሽቅብ ቀጥ ብላ ትወጣና ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ብርሃኑ ነጭና ጠንካራ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ቦታ መፈለግም ሆነ ካሜራ ማስተካከል አይቻልም፤ ሁሉም ነገር በጨለማው መሰናዳት አለበት።

ዕቃ

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ (18 ሚሊ ሜትር ሰፊ እይታ ነው፣ 55 ደግሞ አቅርቦ ያሳያል) ለመጀመሪያው ዓመት ከበቂ በላይ ነው። ገንዘብ ካለ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ላይ ይዋል። ቀጭኑ የፕላስቲክ ትራይፖድ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ ፎቶው በካሜራው ትንሽ መስኮት ጥርት ብሎ ይታይና ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ደብዝዞ ይገኛል። እግሮቹን ሲዘረጉ ከወፍራሙ ክፍል ይጀምሩ፤ የመሀሉን ዘንግ ወደ ላይ አይሳቡ፤ ነፋስ ካለ ቦርሳዎን መሀሉ ላይ ያንጠልጥሉ።

በስልክ የሚያነሱ ከሆነ ሌንሱን በጥጥ ጨርቅ ይጥረጉ (የጣት ቅባት ፀሐይን ጭጋግ ያስመስላታል)፣ በሁለት ጣት እየጎተቱ አያቅርቡ፣ ሮው (RAW፣ ፎቶውን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ) የሚል ምርጫ ካለም ይክፈቱት።

አንድ ቦታ እየተመላለሱ መልመድ

በየሳምንቱ አዲስ ቦታ ከመዞር ቅርብ ወዳለ አንድ ቦታ አሥር ጊዜ መሄድ ይሻላል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እንጦጦ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ፊትዎን ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው ቢያዞሩ የጠዋት ፀሐይ ከግራዎ ትመጣለች። መስከረም ላይ ልክ ከጎን ስለምትወጣ ጥላ እየጣለች ሸንተረሩንና ዛፉን ለይታ ታሳያለች። ታኅሣሥ ላይ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለምትሸሽ ከፊት ለፊት ግራ ትመታለች፤ በዚህ ላይ የከተማው ጭስ ስለሚጨመርበት ሕንፃዎቹ ይደበዝዛሉ። ቦታው ያው፣ ሰዓቱም ያው ሆኖ ወሩ ብቻ ፎቶውን እንዴት እንደሚለውጠው ያየ ሰው ሌላ ቦታ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ነው።

ካሜራውን ማስተካከል

አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸርን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ያድርጉ። «ብዙ ከጠበበ ሁሉም ይጠራል» ብለው ኤፍ 22 ላይ የሚያደርሱት ብዙ ናቸው፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። የነጭ ሚዛኑን (ዋይት ባላንስ፣ የቀለም ማስተካከያውን) ከአውቶማቲክ አውጥተው በፀሐይ ብርሃን ምልክት ላይ ይተዉት፤ አውቶማቲኩ ወርቃማውን ቀለም እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያጸዳው ይሞክራል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን የሌንሱን መንቀጥቀጥ መከላከያ ያጥፉ፤ ጣትዎ እንዳያናውጠውም የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ይጠቀሙ።

ፎከስ ላይ አብዛኛው ጀማሪ ሩቁን ተራራ ያነጣጥርና ከእግሩ ሥር ያለው አበባ ይደበዝዝበታል። በ18 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 11 ወደ 2 ሜትር የሚርቅ ድንጋይ ላይ ፎከስ ካደረጉ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ይጠራል። ከዚያ ፎከሱን ወደ ማንዋል ይቀይሩ፤ ካልሆነ ካሜራው በጨለማ እንደገና መፈለግ ይጀምራል።

ሰማዩና መሬቱ በብርሃን በጣም ስለሚራራቁ በኋላ የሚሻለውን እንዲመርጡ ወይም እንዲያዋህዱ ሦስት ፎቶ ያንሱ፦ አንዱን እንደ ልኩ፣ አንዱን በ2 የብርሃን ደረጃ (ስቶፕ) ጨለም፣ አንዱን በ2 ደረጃ ፈካ አድርገው። ሂስቶግራሙ (በካሜራው መስኮት ላይ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) የቀኝ ጠርዙን ተጭኖ ከቆመ ሰማዩ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ የጨለመን ማብራት ይቻላል፣ የተቃጠለን መመለስ ግን አይቻልም። ሣሩ በነፋስ ከተወዛወዘ አይኤስኦውን ወደ 400 ወይም 800 ከፍ አድርገው የሹተሩን (የብርሃን መዝጊያውን) ፍጥነት ይጨምሩ።

ስሜን ላይ

ልምምዱ ሲጠና ስሜን ተራሮች ይጠብቃሉ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ አስቀድመው ይጠይቁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅ ነው፤ መግቢያውን ከፍለው፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ተመድቦልዎት ይገባሉ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ ድሮኑን ማጣት ሊሆን ይችላል።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሣሩ ገና አረንጓዴ፣ አየሩም ዝናብ ያጠበው ነው። ከጥር በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ አቧራውም ሩቁን ሸንተረር ይውጠዋል። የመጀመሪያውን ሌሊት 3,250 ሜትር ላይ ባለው የሳንቃ በር ካምፕ ማደር ይበጃል፤ በአንድ ቀን ከዚያ በላይ የወጣ ሰው ራስ ምታት ይዞት ንጋቱን ድንኳን ውስጥ ያሳልፋል።

እሜት ጎጎ የተባለው የገደል ጫፍ 3,926 ሜትር ላይ ነው፤ ከግጭ ካምፕ በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለምትወጣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳያልፍ መነሳት ያስፈልጋል። ገደሉ ጫፍ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል በጨለማ ከጠርዙ ቢያንስ 2 ሜትር ርቀው ይቁሙ።

እዚህ ሰፊ ሌንስ ያታልላል። ዓይን ግዙፍ አድርጎ ያየውን ተራራ 18 ሚሊ ሜትር ጉብታ ያደርገዋል። ከፊት ለፊት ጅብራ (ረጅሙ የደጋ ተክል) ወይም ድንጋይ ካለ ሰፊው ይሠራል፤ ከሌለ ግን ወደ 55 ይሂዱ፣ ሩቁን የሚያቀርብ 70-200 ሌንስ ካለዎት ደግሞ እሱን ያውጡ፤ አንዱ ሸንተረር ከሌላው ኋላ እየደበዘዘ ሲደራረብ የሚታየው በዚህ ነው።

ብርሃኑ ሲነጣ ካሜራዎን አይክተቱ። ገደሉ ላይ ያደሩት ጭላዳዎች ሣር ሊግጡ ሽቅብ የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነው።

ቅዝቃዜው ሌሊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ባትሪው ቶሎ ይዝላል። ሦስት ይያዙ፤ ሁለቱ በደረት ኪስዎ ይሙቁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ አለበለዚያ ሌንሱ ላብ ያወጣል።

ከተመለሱ በኋላ

ስናፕሲድ የተባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ በስልክ በነፃ ይገኛል፤ ለመጀመሪያ ይበቃል። የቀለሙን ማጉሊያ (ሳቹሬሽን) በጥቂቱ ብቻ ይንኩት፤ መጀመሪያ የሚበላሸው የአደይ አበባ ቢጫ ነው፣ ቅጠሎቹ ተጣብቀው አንድ ቢጫ ጠብታ ይሆናሉ። ለማሳተም ከሆነ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፋይል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል። ወረቀት ከስክሪን ጨለም ስለሚል የስክሪንዎን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርገው ያስተካክሉ፤ ትልቁን ከማዘዝዎ በፊትም አንድ ትንሽ ናሙና አሳትመው በቀን ብርሃን ይዩት።