ባትሪው የደከመበትን ሞተርሆም ያለ አደጋ ማስነሳት

የሚኒሶታን ወይም የቨርጂኒያን ብርድ ቆሞ ያሳለፈ ሞተርሆም (በውስጡ መኖሪያ ያለው ተሽከርካሪ) ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛውም መኪና ቆጥሮት ከሌላ መኪና ባትሪ ኃይል የሚዋስበት ኬብል ፍለጋ ይሮጣል። ሞተርሆም ግን ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው። አንደኛው ሞተሩን የሚያስነሳው የሞተር ባትሪ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለመብራቱ፣ ለውኃው ፓምፕና በብዙዎቹ ላይ ለጄኔሬተሩ ማስነሻ ኃይል የሚሰጠው የቤት ባትሪ ነው። የደከመው የትኛው እንደ ሆነ ሳይታወቅ ኬብል ማያያዝ ተገቢ አይደለም።

የውስጥ መብራቱ ደምቆ እየበራ ሞተሩ ብቻ ካልዞረ፣ ችግሩ በሞተር ባትሪው በኩል ሳይሆን አይቀርም፤ ይህንንም በቮልት መለኪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል። መለኪያው 12.6 እያሳየ ሞተሩ አሁንም ካልተነሳ፣ የባትሪው ማያያዣ ዝጎ ወይም ላልቶ፣ የባትሪ ማቋረጫው ተዘግቶ ተረስቶ፣ አልያም ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ክፍል) ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሌላ መኪና ኃይል መዋስ ላይጠቅም ይችላል።

የእርሳስ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳና አሲዱን ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ሞተርሆም በዚህ ላይ ፕሮፔን ጋዝ ስለሚጭን፣ አስቀድመው የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፤ የጋዝ ሽታ ካለ ደግሞ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ምንም ነገር አይንኩ። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ያድርጉ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ። ማርሹን ፓርክ ላይ ያድርጉ፣ ፓርክ ከሌለው ኒውትራል ላይ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙና ጎማው ሥር ታኮ ያስገቡ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተርም ሆነ ጄኔሬተር ማስነሳት በካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚገድል ፈጽሞ አይሞከርም። ባትሪው ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም በረዶ ከሠራም እንዲሁ ይተውት። ባዶ ባትሪ በ7 ዲግሪ ከዜሮ በታች አካባቢ ይቀዘቅዛል፤ በብርድ አገር ይህ ሩቅ አይደለም፣ የቀዘቀዘን ባትሪ በኬብል መቀስቀስም ሊያፈነዳው ይችላል።

ብዙዎች የማያውቁት መፍትሔ ከሾፌሩ እጅ ሥር ይገኛል። በበርካታ ሞተርሆሞች ዳሽቦርድ ላይ «ኦግዚለሪ ስታርት» ወይም «ባትሪ ቡስት» የሚል ማብሪያ አለ፤ እርሱን ተጭነው ይዘው ቁልፉን ሲያዞሩ የቤት ባትሪው ከሞተር ባትሪው ጋር ተያይዞ ያግዘዋል። ጄኔሬተሩ የሚሠራ ከሆነ አስቀድሞ ግማሽ ሰዓት ያህል አስነስቶ የቤት ባትሪውን ማጠናከር ይበጃል። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ በመካከሉም ሁለት ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። የቤት ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ግን ሞተሪኖው የሚስበው ብዙ መቶ አምፒር በባትሪው ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ መከላከያ አቅም በላይ ሆኖ ኃይሉን ሊያቋርጠው ስለሚችል፣ የአምራቹን መመሪያ ሳያነቡ ማብሪያውን አይጠቀሙ።

ይህ ካልሠራ የኬብሉ ተራ ይሆናል። ሁለቱም ተሽከርካሪዎች እኩል ቮልት መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ከአውቶብስ የተሠሩ አንዳንድ ሞተርሆሞች 24 ቮልት ናቸው። ባትሪው ከኮፈኑ ሥር ላይገኝም ይችላል፤ በመርሴዲስ ስፕሪንተር ላይ ለምሳሌ ባትሪው ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ከወለሉ በታች ሲሆን፣ ኬብል የሚያያዝበት ፖዘቲቭ ነጥብ ግን ኮፈኑ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ተሽከርካሪዎቹ ሳይነካኩ ጠፍተው ይቁሙ። ቀዩን ኬብል መጀመሪያ ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደህናው ፖዘቲቭ ጋር ያያይዙ፤ ከዚያ ጥቁሩን ከደህናው ባትሪ ኔጋቲቭ ጋር ካያያዙ በኋላ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ይቆንጥጡ። የመጨረሻው ግንኙነት ብልጭ ማለቱ ስለማይቀር፣ ብልጭታው ጋዙ ካለበት መራቁ ነው ዋናው ቁም ነገር። የሚረዳውን መኪና አስነስተው አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይጠብቁና ይሞክሩ። የናፍጣ ሞተር ብዙ ኃይል ስለሚስብ ትንሽ አውቶሞቢልና ቀጭን ኬብል ላይበቁት ይችላሉ፤ ኬብሉ ከጋለ ወዲያው ያቁሙ። ሞተሩ ከተነሳ ኬብሎቹን በተያያዙበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይንቀሉ።

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ባዶ የሆነን ባትሪ ከሥሩ ለመሙላት የተሠራ ስላልሆነ፣ ያን ሁሉ ሸክም በእርሱ ላይ ከመጣል ባትሪውን ሌሊቱን በቻርጀር መሙላት ይሻላል። እንደገና ከደከመ እንደ አውቶዞን ያሉ የአሜሪካ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ይፈትሹታል። ሞተርሆሙ ከ30 ወይም ከ50 አምፒር የውጭ ኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተያይዞ ቆሞ ሳለ የሞተር ባትሪው መድከሙ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፤ በብዙዎቹ ሞተርሆሞች ላይ ያ መስመር የሚሞላው የቤት ባትሪውን ብቻ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ የሞተር ባትሪውን በማቋረጫው መለየት፣ ወይም የራሱን አነስተኛ ቻርጀር መስጠት ያስፈልጋል።