ሜሞሪ ካርድ ላይ ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት
ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወጥታችሁ በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ለሚሠራ በእጅ ለሚያዝ ኮምፒውተራችሁ ሜሞሪ ካርድ ከገዛችሁ፣ መጀመሪያ ፎርማቱን፣ ማለትም ፋይል የሚያስቀምጥበትን ሥርዓት እዩ። ብዙውን ጊዜ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ሆኖ ነው የሚመጣው። ለፎቶና ለዘፈን ምንም አይልም። ለፕሮግራም ግን አይሆንም፤ የሊኑክስን የፋይል ፈቃድ (ማን ፋይሉን ማንበብ፣ መቀየርና ማስነሳት እንደሚችል) እና ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አይዝም። ስለዚህ ጭነቱ መሃል ላይ ሊቆም፣ ወይም ፕሮግራሙ ተጭኖም አልነሳ ሊል ይችላል።

መፍትሔው ካርዱን በኤክስት4፣ ማለትም ሊኑክስ በሚጠቀምበት ሥርዓት፣ ፎርማት ማድረግ ነው። ያለው ፋይል ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ዊንዶውስ ደግሞ ኤክስት4ን በቀጥታ አያነብም፤ «ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ እሺ እንዳትሉ! ፕሮግራሙ እየሠራ ካርዱን መንቀልም የለም።

የትም ግዙት፣ ዋጋው ከረከሰባችሁ ግን የካርድን እውነተኛ መጠን በሚፈትሸው ኤፍ3 በሚባል ፕሮግራም ፈትሹት። የውሸት መጠን የተጻፈበት ካርድ ሲሞላ ፋይል ይበላል።