ተራራ ላይ ለማረፍ ስታስቡ ከፎቶው በፊት ከፍታውን ጠይቁ

ሥራ አዝሏችሁ ተራራ ላይ ማረፊያ እያማረጣችሁ ከሆነ መጀመሪያ ስለ ከፍታው ጠይቁ። ቆላ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊመጣ ይችላል፤ ለእረፍት ለሚሄድ ሰው የሚከፋው ግን እንቅልፍ መቆራረጡ ነው። እናንተ የምትሄዱት ደግሞ ለመተኛት ነው! ስለዚህ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ብትመርጡ ይሻላል። ልባችሁ ከፍ ያለው ላይ ካረፈ መንገድ ላይ አንድ ሁለት ሌሊት አድራችሁ ውጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልኮል ይቅርባችሁ።

የቀኑንም ፕሮግራም እዩ። ከንጋት እስከ ማታ በዮጋ፣ በእግር ጉዞና በውይይት የታጨቀ ከሆነ ሌላ ሥራ ነው። «ቀኑን ሙሉ ምንም ባላደርግስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል። ኔትወርክ ደካማ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሐኪም ግን ሩቅ አይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሥራ የሚመጣውን መዛል የሚያያይዘው በወጉ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና ጋር ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሥራችሁን ማን እንደሚሸፍን ጨርሱ፤ ከተመለሳችሁም በኋላ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ቀን ቤት እረፉ። ተስፋ መቁረጥ ከተጫናችሁ ግን ከተራራው በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።