ብሮከሩ በስልክ ያላችሁን ተዉት፣ ወረቀቱን አንብቡ

ባለፈው የጓደኛዬ እናት አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ። 67 ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ ወጥተዋል። አሜሪካ ውስጥ ስሙን የማያውቀው ሰው በሌለ አንድ ትልቅ የብሮከር ድርጅት (ለደንበኛ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት) አካውንት አላቸው። ገንዘባቸው ለምን እየሳሳ እንደሄደ አልገባቸውም። እኔ ስቴትመንቱን (የአካውንቱን የሂሳብ መግለጫ) ትቼ መጀመሪያ ያወጣሁት ከሥር ተጣጥፎ የተቀመጠውን የአካውንት መክፈቻ ፎርም ነበር። የኢንቨስትመንት ዓላማ ከሚሉት ሳጥኖች የቱ ላይ ምልክት የተደረገ ይመስላችኋል? ስፔኩሌሽን። በደህናው ቋንቋ ቁማር ማለት ነው። ዓመታዊ ገቢያቸውም የእውነተኛው እጥፍ ሆኖ ተሞልቷል። ከታች ፊርማቸው አለ። “ብሮከሩ ልጅ ‘እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ’ አለኝ፣ ፈረምኩ” አሉኝ።

ነገር ሲበላሽ ድርጅቱ የሚመዘው ይህንን ወረቀት ነው። ብሮከሩ በስልክ ያለውን ማንም አያወጣላችሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ በሙሉ ስለ ወረቀት ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ብሮከርቼክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግቡ። ነፃ ነው። የሚያስተዳድረው ፊንራ ነው፣ የብሮከር ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው አካል። የሰውየውን ስም ስታስገቡ የት የት እንደሠራ፣ ደንበኞች ከስሰውት እንደሆነ፣ ተቀጥቶ ወይም ተባርሮ እንደሆነ ይዘረዝርላችኋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ አምስት ቦታ የቀያየረ ሰው ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። ግን ንጹሕ ገጽ አየሁ ብላችሁ አትዘናጉ። ብሮከሮች የደንበኛ ክስ ከመዝገባቸው እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላሉ፣ የሚሳካላቸውም አሉ። የክፍለ ግዛታችሁ የሴኩሪቲስ (የአክሲዮንና የመሳሰሉት) ተቆጣጣሪ ቢሮ ጋ ደውላችሁ ብትጠይቁ አንዳንዴ ብሮከርቼክ ላይ የሌለ ነገር ታገኛላችሁ።

ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ድርጅቱ ፎርም ሲአርኤስ የምትባል አጭር ሰነድ ሊሰጣችሁ ይገባል። እዚያ ላይ ድርጅቱም ሆነ ሠራተኞቹ የሕግ ወይም የዲሲፕሊን ታሪክ አላቸው ወይ የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ትልልቆቹን ብታገላብጡ “አዎ” የሚል ነው የምታገኙት። ያንን አይታችሁ ሩጡ አይደለም የምለው፣ ስም ትልቅ ስለሆነ ብቻ መዝገቡ ንጹሕ ነው እንዳትሉ ነው።

የአካውንት መክፈቻ ፎርሙን ራሳችሁ ሙሉ። ዓላማ፣ አደጋ የመሸከም አቅም፣ ገቢ፣ ጠቅላላ ሀብት፣ ልምድ። ብሮከሩ ሞልቶ ካመጣው እያንዳንዱን ሳጥን አንብቡ፣ ስህተቱን ሰርዙና አጠገቡ ፊርማችሁን አኑሩ፣ ቅጂውን ውሰዱ። ማርጂን የሚል ቦታ ካለና ምን እንደሆነ ካልገባችሁ እምቢ በሉ። ማርጂን ማለት ከድርጅቱ በወለድ ተበድሮ አክሲዮን መግዛት ነው፣ ገበያው ሲወርድ ሳይነግሯችሁ ንብረታችሁን ሊሸጡት ይችላሉ። ሌላ አንድ መስመር አለች፣ ታማኝ የሚገናኝ ሰው የምትል። ልጃችሁን ወይም የምታምኑትን ሰው ስም ጻፉባት። ያ ሰው ገንዘባችሁን መንካት አይችልም፣ ግን ድርጅቱ የሆነ ነገር ሲሸተው የሚደውልለት ሰው ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አንድ ነገር በተገዛ ወይም በተሸጠ ቁጥር የግብይት ማረጋገጫ ይደርሳችኋል። ሰው ሳያነብ የሚጥላት ወረቀት ናት (ወይም ሳይከፍት የሚያጠፋት ኢሜይል)። ትንሽ ፊደል ላይ አንድ ቃል ፈልጉ፣ አንሶሊሲትድ የሚል። ትርጉሙ “ሐሳቡ የመጣው ከደንበኛው ነው፣ እኔ አልመከርኩም” ማለት ነው። ብሮከሩ ራሱ ደውሎ “ይቺን እንግዛ፣ ነገ ትወጣለች” ብሏችሁ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ተጽፎ ካገኛችሁ ነገ የሚመጣውን ክስ ከአሁኑ እየተከላከለ ነው ማለት ነው። በዚያው ቀን ኢሜይል ላኩ። “ይህን ግዢ የመከርከኝ አንተ ነህ፣ እባክህ አስተካክል።” ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጭራሽ ያላዘዛችሁት ግዢ ካያችሁማ ለእሱ አትጻፉ፣ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጻፉ። ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ በራሱ ውሳኔ መገበያየት አይችልም፣ ቢያተርፍላችሁም።

ግብይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው በአንድ ትልቅ ስርቆት ሳይሆን በተገዛና በተሸጠ ቁጥር በሚቆረጥ ኮሚሽን ነው። ገዛ ሸጠ፣ ገዛ ሸጠ። ገበያው ቢወጣም ቢወርድም ኮሚሽኑ ይገባል። እንዲህ አስሉት። በዓመቱ የተገዛውን ሁሉ ደምሩና ለአካውንቱ አማካይ መጠን አካፍሉት። አካውንቱ በአማካይ 100,000 ዶላር ሆኖ የ600,000 ዶላር ግዢ ከተፈጸመ መልሱ 6 ነው። 6 ሲደርስ ፊንራም ፍርድ ቤቶችም ከልክ ያለፈ ግብይት ምልክት አድርገው ሲወስዱት ኖረዋል። ሁለተኛው ስሌት ደግሞ ኮሚሽኑን፣ ክፍያውንና የማርጂን ወለዱን ደምሮ ለዚያው አማካይ ማካፈል ነው። 20,000 ዶላር ከወጣ 20 በመቶ ነው፣ ማለትም አካውንቱ ትርፍ ሳይሆን ባለበት ለመቆም ብቻ 20 በመቶ ማትረፍ ነበረበት። ማን ነው በየዓመቱ እንዲህ የሚያተርፈው?

ግብይቱ ሲበዛ አንዳንዴ ከድርጅቱ በጣም ትሁት ደብዳቤ ይመጣል። ስለመረጡን እናመሰግናለን፣ አካውንትዎ ንቁ መሆኑን አይተናል፣ ረክተው እንደሆነ እዚህ ይፈርሙ። ኮምፕላያንስ የሚባለው የቁጥጥር ክፍላቸው ነቅቷል ማለት ነው፣ የነቃው ግን ለራሱም ነው። ስትፈርሙበት “ደንበኛው ያውቅ ነበር፣ ደስተኛም ነበር” የሚል ማስረጃ በእጃችሁ ሰጣችሁ። ሳታሰሉ አትፈርሙ።

ብሮከሩ በዋትሳፕ ወይም በግል ስልኩ ቴክስት የሚጽፍላችሁ ከሆነ ወደ ድርጅቱ ኢሜይል መልሱት። በመስከረም 2022 የአሜሪካው የሴኩሪቲስ ኮሚሽን 16 የዎል ስትሪት ድርጅቶችን ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የቀጣው የሠራተኞቻቸውን እንዲህ ያለ መልእክት ስላላስቀመጡ ነው። እናንተ ደግሞ ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ብሮከሩ ቼክ በእኔ ስም ጻፉልኝ ወይም ከድርጅቱ ውጪ የሆነ ጥሩ ነገር አለኝ ካላችሁ ግን ወሬው እዚያው ያብቃ።

“ትልቅ ድርጅት ነው፣ የት ይሄዳል?” የምትሉ አላችሁ። ትልቁ የብሮከር ድርጅት ሜሪል ሊንች በ2016 የደንበኞችን ጥሬ ገንዘብ ያላግባብ ተጠቅሟል ተብሎ 415 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ድርጅቱ ቢከስር ሲፒክ የሚባል መድን አለ። የጠፋባችሁን አክሲዮንና ገንዘብ እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፣ ከዚያ ውስጥ ጥሬ ገንዘቡ ከ250,000 አይበልጥም። ግን ልብ በሉ፣ ሲፒክ የሚመጣው ንብረቱ ከካዝና ሲጎድል ነው። አክሲዮኑ ወርዶ ወይም መጥፎ ምክር ተሰጥቷችሁ ለከሰራችሁት አምስት ሳንቲም አይሰጥም። በሐሰተኛ ኢንቨስትመንት ሰው ያጭበረበረው የማዶፍ ደንበኞች እስከ ታኅሣሥ 2008 ድረስ የሚያምር ስቴትመንት ይደርሳቸው ነበር፣ የተጻፈው ግብይት ግን ጭራሽ አልተፈጸመም። ገንዘቡን የሚያስተዳድረውም፣ የሚያስቀምጠውም፣ ስቴትመንቱን የሚያትመውም ያው ድርጅት ነበር። ስለዚህ ንብረታችሁ የትኛው ድርጅት ጋ እንደተቀመጠ ጠይቁና በራሳችሁ ይለፍ ቃል ገብታችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።

ችግር ካገኛችሁ በስልክ አትጨቃጨቁ። ደውላችሁ ስትጮኹ ብሮከሩ ያረጋጋችኋል፣ ያበቃል። የጽሑፍ አቤቱታን ግን ድርጅቱ መዝግቦ ለፊንራ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ቀን፣ የአክሲዮኑ ስም፣ ማን ምን እንዳለ፣ ስንት እንደጎደለ ጻፉ። ስድቡን ተዉት፣ አይጠቅምም። በመልሱ ካልረካችሁ ፍርድ ቤት መሄድ አብዛኛውን ጊዜ አትችሉም፣ ምክንያቱም አካውንቱን ስትከፍቱ በፊንራ የግልግል ዳኝነት ለመዳኘት ፈርማችኋል። ጥያቄያችሁ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በተለምዶ አንድ ገላጋይ ወረቀት አይቶ ይወስናል፣ ከ100,000 ሲበልጥ ሦስት ይቀመጣሉ። ውሳኔው ይግባኝ የለውም ማለት ይቻላል። አንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች አነስተኛ ጥያቄ ላላቸው ሰዎች በነፃ ይቆማሉ፣ ጠበቆችም ካሸነፉ በኋላ በመቶኛ የሚወስዱ አሉ።

ነገሩ ከተፈጸመ 6 ዓመት ካለፈው ግን ፊንራ አይቀበለውም። በክፍለ ግዛት ሕግ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። የጓደኛዬ እናት ፎርም ላይ ያለውን ቀን ሳሰላው አምስት ወር ነው የቀረን። ማረጋገጫዎቹን በቀን ደርድረናቸዋል፣ አንሶሊሲትድ የሚለውን በቢጫ ቀለም አስምሬበታለሁ፣ 31 ቦታ ላይ አለ። ሰኞ ፌስታሉን ይዘን ጠበቃ ጋ እንሄዳለን።